እግረ መንገዱን የነካካው ብራንች

እና ይሄን ሥራ ይለዋል ባልደረባዬ፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ከዋናው ኮድ ገንጥሎ የሠራበት የብራንቹ ስም የሕፃናት መድኃኒት መጠን ማስተካከያ፣ ውስጡ ግን ምን የሌለ ነገር አለ፣ አዲስ ቀለም፣ የተገለባበጠ መግቢያ ገጽ፣ በግማሽ የተተወ የክብደት መለኪያ፣ ከሥሩ ደግሞ የራሱ ማስታወሻ፣ እግረ መንገዴን ሌላም ነካክቻለሁ። ነካክቻለሁ! ድሮስ ስሙን እግረመንገድ ያልነው ለምን ሆነና።

ደንባችን እኮ ለማንም ይገባል፣ ለአንድ ሥራ አንድ ብራንች፣ ከዋናው ኮድ ትገነጥላለህ፣ ያንኑ ብቻ ትሠራለህ፣ ሰው ያይልሃል፣ ትመልሰዋለህ፣ አለቀ። እሱ ግን ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ነው፣ ጠረጴዛውም እንደዚያው፣ የሻገተ ኩባያ፣ ማስቲካ የተለጠፈበት ወረቀት፣ አሁን ደግሞ ቅባታም ጣቱን ስክሪኔ ላይ እየጎተተ፣ ይቺን አትይ፣ እሷ ገና ናት፣ ይቺኛዋ ግን አታምርም? እጅህን አንሳ። ምን አደረግኩሽ? አንሳልኝ አልኩ!

ስልኩ እንደገና፣ እትዬ ናት፣ ታላቅ እህቴ፣ ፕሮግራማችንን የሚጠቀመው ክሊኒክ ውስጥ ነርስ፣ ፕሮግራማችሁ ለሕፃናት እጥፍ መጠን እያወጣ ነው፣ በእጄ እያሰላሁ ነው፣ ወረፋው በር ላይ ደርሷል፣ ደክሞኛል፣ እጄ ቢስትስ፣ የሰው ልጅ እኮ ነው። ቆይ እትዬ፣ ቆይ። ማስተካከያው ሦስት መስመር ኮድ ነው። ሦስት መስመር፣ ከዚህ ሁሉ ግሳንግስ ሥር።

አለቃችን በሩን ተደግፎ፣ ሁሉንም መርጅ አድርጊው፣ ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቅይውና ይሂድ፣ ደንበኛ እየጮኸብኝ ነው። እግረመንገድ ክብደቱን በግራም አድርጎታል እኮ፣ እላለሁ፣ ነርሶቹ የሚጽፉት በኪሎ ነው፣ ስምንት ኪሎ ሕፃን ስምንት ግራም ሆኖ ይነበባል፣ መድኃኒቱ ጠብታ እንኳ አይደርሰውም። አታካብጂ፣ በኋላ ይስተካከላል። በኋላ ይላል፣ እግረመንገድ ደግሞ ማስቲካውን እያኘከ ይስቃል፣ ኧረ ምን ያስቅሃል አንተ።

አላደርገውም። ይቆጣ፣ ከፈለገ ያባርረኝ፣ ከዋናው ኮድ አዲስ ብራንች እከፍታለሁ፣ ሦስቱን መስመሮች ብቻ፣ ከቆሻሻ ሳህን ማንኪያ እንደማንሳት በጣቴ ጫፍ፣ ሌላ ምንም፣ ቀለምም የለ፣ ግራምም የለ። ኮዳችንን የምታይልን ፈታሿ ልጅ ወንበሯን ታስጠጋለች፣ ታነባለች፣ ትሞክራለች፣ ንጹሕ ነው፣ ልቀቂው። አለቃችን ሰዓቱን ያያል፣ እለቀዋለሁ።

እትዬ፣ አሁን ሞክሪው፣ እላለሁ በስልኩ። ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል፣ ልክ ነው፣ በእጄ ካሰላሁት ጋር ገጠመ፣ ተመስገን። ዓይኔን እጠርጋለሁ፣ ስሚ እንጂ እህት ዓለም፣ ትላለች እትዬ፣ እግረ መንገድሽን ያን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቁልፍ ወደ ላይ ብታወጪልኝ…

በናትሽ እትዬ፣ እሱን ለብቻው።