በግርጌ የተጨመረች «አት»

ሰፈሩ ጋሽ ግርጌ ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በውጭ ፊልሞች ግርጌ የሚነበበውን ትርጉም ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን የገዛ ጽሑፋቸውን ፈርተው፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጭናቸው ሥር ሸሽገው ተቀምጠዋል።

ልጃቸው አንድ ሻንጣ ይዛ ከባሏ ቤት ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለምን እንደመጣች አልተናገረችም፤ እጅጌዋን ግን እስከ መዳፏ ስባ ነው የምትውለው። ባልየው አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስዳት ነው። እናት ደግሞ ልቧ እንዲራራ ብለው ያንን የድሮ ፊልም ከፈቱላት፤ ጋሽ ግርጌ የተረጎሙትን፣ እናት በእጮኝነታቸው ዘመን ሲኒማ ቤት ገብተው ያለቀሱበትን። ሌላ ፊልም የጠፋ ይመስል!

«እማዬ፣ ሐኪሙ በሽተኛው ራስጌ ቆሞ ያጨሳል እንዴ?» አለች ልጅቱ።

«ያኔ አይጎዳም ነበር» አሉ እናት ኮስተር ብለው።

«ይሄኛው ደግሞ ሥራ የለውም? ሴትዮዋን በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል።»

«ወዷት ነዋ!»

«ዛሬ ቢሆን ፖሊስ ይጠራበታል።»

ጋሽ ግርጌ ሰዓታቸውን አዩ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ። የባቡር ጣቢያው ትዕይንት ሊደርስ ነው። ባልየው ቀድሞ በመጣ ብለው ተመኙ፤ ወዲያው በምኞታቸው አፈሩ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ ባቡሩ ጮኸ፣ ሰውየው የሴትዮዋን አንጓ ጨምድዶ ያዘ። ጋሽ ግርጌ ከጭናቸው ሥር አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ የሴትዮዋ ከንፈር ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ «አትልቀቀኝ» የሚል ተጻፈ።

«ይኸው! ፍቅር ማለት ይሄ ነው» አሉ እናት ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ፊቷን እይው እስቲ። ይሄ የፍቅር ፊት ነው? ድምፁስ ለምን ተዘጋ? አባዬ፣ ሪሞቱን ስጠኝ።»

«የት እንዳለ እንጃ።»

«ተቀምጠህበታል።»

ወደ ኋላ መልሳ ድምፁን ጨመረች። ቋንቋውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው።

«አባዬ፣ ‹ልቀቀኝ› ነው እኮ የምትለው።»

ጋሽ ግርጌ አቀረቀሩ። «የሲኒማ ቤቱ ባለቤት... ተመልካች ከፍቶት መውጣት የለበትም፣ አጣፍጠው አለኝ። ሁለት ፊደል ብቻ ነው የጨመርኩት።»

«አንተ ሰውዬ!» እናት ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ እኮ ልጄን በሠርጓ ዋዜማ ይህንኑ ቃል ነው የመከርኳት! ‹ቢቆጣሽም አትልቀቀኝ በይው› ብዬ!»

ልጅቱ እጅጌዋን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሰበሰበች። አንጓዋ ላይ የአራት ጣት ብልዝ ነበር። እናት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የበሩ ደወል ጮኸ።

ጋሽ ግርጌ ናቸው የከፈቱት። ባልየው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ተዘጋጀች?»

ከውስጥ አንዲት ቃል ተሰማች፤ በሰለለ ድምፅ፣ ለበሩ የማትደርስ ያህል ዝቅ ብላ።

«ምን አለች?» አለ ባልየው አንገቱን አስግጎ።

ሰውየው ጎረምሳ ነው፤ እሳቸው ብርድ ልብስ ማጠፍ የሚያደክማቸው ናቸው። የሆነው ይሁን ብለው በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው መሐል ቆሙ።

«‹ልቀቀኝ› ነው ያለችው» አሉ።