ሦስተኛው እጅ

ያንን የቁናውን ተረት ልትተርቱብኝ ካሰባችሁ አትድከሙ፤ ሚስቴ ቀድማችኋለች። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" ብላኝ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እዚህ ግን ልናገረው፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። በዚያ ምድር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስቀመጥ "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀኝ አለቃ የለም። ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እንኳ እኔን የሚያስታውሱኝ በር የሚጠብቅላቸው ሰው ሲፈልጉ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ በፈቃደኞች የሚተዳደር ኢንሳይክሎፒዲያ አለን፤ እዚያ ስሜ "ሚዛን" ነው። ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ጽሑፍ እሰርዛለሁ፣ ገጽ እቆልፋለሁ፣ ሰው አግዳለሁ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለውም። ደሞዝ ስለሌለው ነው መሰለኝ፣ ስንጣላ እንደ ርስት ነው የምንጣላው።

ከሁሉም የምኮራው በደንቦቹ ነበር፤ ግማሾቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አራተኛው ደንብ ለምሳሌ "በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ማስረጃ አይሆንም" ይላል። ክርክሩን ተወውና የታተመ ነገር አምጣ ነው ነገሩ። ጥሩ ደንብ ነው። ይህ ሁሉ ደርሶብኝም ጥሩ ደንብ ነው እላለሁ።

"ወንዝ ዳር" በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ ሲለካ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ስለ ትናንሽ ወንዞች ይጽፋል፤ ካርታ ላይ እንኳ ስማቸው ያልሰፈረ፣ ከዳራቸው የሚኖር ገበሬ ካልሆነ በቀር ማንም የማያውቃቸው። የሰው ጽሑፍ ባረመ ቁጥር ከሥር አጭር ማስታወሻ ይተዋል፤ ማስታወሻው ሁልጊዜ የሚያልቀው "ከይቅርታ ጋር" በሚል ነው። አንድ ቀን እኔ ስለተወለድኩበት ከተማ ወንዝ የጻፍኩትን አረመው። "ይህ ወንዝ ወደ ሰሜን አይፈስም። እግሬን ነክሬበት አውቃለሁ። ከይቅርታ ጋር።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ሚዛን በተወለደበት አገር አቅጣጫ ጠፋበት" አሉ። እኔም እልህ ይዞኝ "እግር መንከር ማስረጃ አይሆንም" ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ የታተመ ካርታ ይዞ መጣ። ባሰብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቂሜን ይዤ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። የሚጽፋትን እያንዳንዷን ነገር እየተከተልኩ አነብ ነበር፤ አንድ ቀን ይሳሳታል ብዬ።

ከዚያ "ጠብታ" የሚል አዲስ ስም ብቅ አለ። ጠብታም ስለ ወንዝ ይጽፋል። ጠብታም "ከይቅርታ ጋር" ይላል። ክርክር ተነስቶ ድምፅ ሲሰጥ ሁሌ ከወንዝ ዳር ጋር ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው በሁለት ስም መጻፉ ትልቁ ኃጢአት ነው፤ ብቻውን ሆኖ ሁለት ድምፅ ይሰጣላ! አስተዳዳሪ ስለነበርኩ ማን ከየትኛው ቤት የኢንተርኔት መስመር እንደሚጽፍ ማየት እችላለሁ። አየሁ። ሁለቱም ከአንድ ቤት ነው። ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የአርባ አንድ ቀን ውሎ፣ ደቂቃ በደቂቃ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ዝም ይላል። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱ በአንድ ደቂቃ አብረው የጻፉበት አንድም ጊዜ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ሁለቱንም አገድኳቸው። በወንዝ ዳር ገጽ አናት ላይ "ይህ ሰው በሁለት ስም ሲያታልል ተይዞ ታግዷል" የሚል ቀይ ምልክት ለጠፍኩ። "ዘበኛው" የሚባል አስተዳዳሪ አለ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ሥራውን ያስለመድኩት ግን እኔ ነኝ። "ይህ ሰንጠረዥ ለወደፊቱ መማሪያ ይሁነን" ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ አንዲት ሴት መዝገብ ቤት መስኮቴ ላይ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እጅጌዋ ላይ ነጭ ጀሶ ደርቋል። የፋይል ቁጥር ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ሚዛን የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

ያንን ስም እዚህ ምድር ቤት ሰው በአፉ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ዞር ዞር ብዬ ባልደረቦቼን አየሁ።

"ማን ነገረሽ?"

"የዓመታዊ ስብሰባችሁ ፎቶ ሥር 'ሚዛን' ተብለው ተጽፈዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ባጅ ደግሞ አንገትዎ ላይ አለ። እኔ ጠብታ ነኝ። ወንዝ ዳር ደግሞ አባቴ ነው።"

ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ባለሙያ ናት፤ ጀሶውም ከዚያ ነው። ከሥራዋ አስፈቅዳ ነው የመጣችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"አባዬ ዓይኑ እየሄደ ነው። መሐሉ ጠፍቶበታል፤ የሚያየው በጠርዝ በጠርዙ ነው። የቀረውም ቢቆይ ሁለት ወር ነው ብሏል ሐኪሙ። በየቀኑ 'ገጼን ክፈችልኝ' ይለኛል። ፊደሉን አተልቅለትና ያንን ቀይ ጽሑፍ ያነበዋል። አርባ ዓመት ሲሠራ አንድ ሰው አታላይ ብሎት አያውቅም። ዓይኑ ሳይጠፋ ያ ነገር ሲነሳ ይየው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"እህቴ፣ ይሄ ሥርዓት አለው። ማመልከቻ ጻፉ።"

"ማመልከት የሚችለው ያልታገደ ሰው ብቻ ነው ይላል ደንባችሁ።"

እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"ቤት መጥተው ይዩን" አለች። "እስከ ሁለት መቁጠር ይህን ያህል ይከብዳል?"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ጥግ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የመለኪያ ዘንግ ቆሟል፤ መደርደሪያው ላይ ውሃ ነክቷቸው ያበጡ ደብተሮች ተደርድረዋል። ሽማግሌው ተነስተው ጨበጡኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ "ያ ሰውዬ" ስላቸው የኖርኩትን ሰው አንቱ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፊት ለፊት አያዩም፤ ጆሮዬን የሚያዩ ይመስላሉ።

"ሚዛን አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባቴ።"

"ሰንጠረዥህን አስነብቤዋለሁ። ጎበዝ ነህ። ልኬቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ድምዳሜው ነው።"

ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ይሄ ከስድብ ይከብዳል። ነገሩን ወደ ራሴ ላምጣው ብዬ "ያኔ ወንዙ ወደ ሰሜን አይፈስም ብለው ሲያርሙኝ..." አልኳቸው።

"የትኛው ወንዝ?"

አያስታውሱትም! ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር እሳቸው ዘንድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበረች።

ከዚያ እንዴት እንደሚሠሩ አሳዩኝ። ታግደውም አላቆሙም፤ ባዶ ሰነድ ላይ እየጻፉ ያስቀምጡታል። የሚጽፉት ጡረታ ሳይወጡ ዘጠኝ ዓመት ስለለኩት ስለ መጨረሻው ወንዛቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ፊደሉ ከመተለቁ የተነሳ ስክሪኑ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚገባው። አባት ይናገራሉ፣ ልጅ ትጽፋለች።

"ሰርዢው!" ይላሉ ጠረጴዛውን መትተው።

"አባዬ፣ እንዲህ ካልከው ለማን ይገባል?"

"ለሚያስብ ሰው ይገባል!"

"ለእኔ አልገባኝም፤ እኔ አላስብም ማለት ነው?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

የአባቷ ሲያልቅ ወንበሩን ሳትለቅ የራሷን ትጀምራለች። ዘር ከልጓም ይስባል፤ እሷም ሐሳቧን የምትዘጋው "ከይቅርታ ጋር" ብላ ነው፣ ሳታስበው። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ በአንድ ደቂቃ ያልተገናኙት ኪቦርዱ አንድ ስለሆነ ነው። ይኸው ነው። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ የአንዲት ኪቦርድ ታሪክ ነበር።

አፈርኩ። ራሴው ምልክቱን ባነሳው በተገላገልኩ፤ ነገር ግን ያገደ ሰው ብቻውን አያነሳም፣ ሠላሳ ቀን ውይይት ይደረጋል የሚል ደንብ አለ። ማን እንደጻፈው አትጠይቁኝ። "ወንበሩን ልቀቂልኝ" አልኳትና እዚያው በእነሱ ኮምፒውተር በራሴ ስም ገብቼ ጻፍኩ። "ወንዝ ዳርና ጠብታ አባትና ልጅ ናቸው። ቤታቸው ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እገዳውም ምልክቱም ይነሳ። ከይቅርታ ጋር።" የመጨረሻዋ እንዴት እንዳመለጠችኝ አላውቅም፤ ሲደጋግሟት ስሰማ ውዬ ይሆናል።

ሽማግሌው አንገታቸውን አዘንብለው፣ ሦስት ሦስት ቃል እያደረጉ አነበቡት። "እህ" አሉ። ቆይተው ልጃቸውን "ለሰውዬው ውሃ ስጪው እንጂ" አሏት።

የመጀመሪያው መልስ ቤቴ ሳልደርስ መጣ። "በዓይኔ አይቻለሁ ማስረጃ አይሆንም። ደንብ አራት።" ሁለተኛው "ሚዛን ሰዎቹን በአካል ካወቃቸው ወገንተኛ ሆኗል" አለ። ሦስተኛው "እቃወማለሁ፤ ሰንጠረዡ አሳማኝ ነው" አለ። ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ፣ ስህተት ነው የምለውም እኔ! ይህንኑ ብጽፍ "ሰንጠረዥ ከሠሪው ይበልጣል" ተባልኩ። ሁለት ሰዎች ደግሞ በእኛ ጉዳይ ገብተው የቆየ የራሳቸውን ጠብ አመጡና አምስት ቀን ሲሰዳደቡ ሰነበቱ። የሚሰዳደቡት ስለ አንድ ድልድይ ርዝመት ነበር። ልጅቷ በየቀኑ መልእክት ትልክልኛለች። "ምን ደረሰ?" "ዛሬ ሁለት ቃል ብቻ ነው የለየው።" "እባክዎ ያፋጥኑት።" ሠላሳ ቀን ሠላሳ ቀን ነው ብዬ የጻፍኩ ሰው ምን ላፋጥን?

በሃያ ስድስተኛው ቀን ዘበኛው ሰንጠረዥ ይዞ ቀረበ። ዓምዶቹን እንኳ አልቀየረም፤ የእኔው ሰንጠረዥ ነው። የሚዛን ምስክርነት የተጻፈው ከዚያው ከታወቀው ቤት መስመር ነው ይላል። የሚያልቀውም በዚያችው በታወቀችው ቃል ነው። ርዕሱን "ሦስተኛው እጅ ተገኘ" አለው።

ሰው ከየት ቤት እንደጻፈ እያየሁ ስንቱን ያገድኩ ሰው፣ እዚያው ቤት ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ! ሌባ እንኳ ጓንት ያደርጋል። የሃያ ደቂቃ መንገድ ሄጄ ከራሴ ቤት ብጽፈው ኖሮ! ባስረዳ፣ ብለምን፣ በመጨረሻም ብሳደብ የሚሰማኝ ጠፋ። በሠላሳኛው ቀን አሥራ አንድ ለሁለት ተፈረደብን። ከሁለቱ አንዱ ድምፅ የእኔ ስለነበር እሱንም ሰረዙት። አሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩበት ስም ተዘጋ። የሽማግሌው ምልክት ደግሞ ተስተካከለ፤ "ይህ ሰው በሦስት ስም ሲያታልል ተይዞ ታግዷል" ይላል አሁን። ሁለት የነበረውን ሦስት ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። በዘበኛው አልፈርድበትም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሃያ ስድስት ቀን አልፈጅም ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። ልጅቷ በሩን በትንሹ ከፈተችና በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ከማክሰኞ ወዲህ ምንም አያይም። ውጤቱን አልነገርኩትም፤ አቃተኝ።"

ሽማግሌው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ ሦስት ትልልቅ ቀይ ቃላት ስክሪኑን ሞልተውታል። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ።

"ሚዛን ነህ? ሠላሳው ቀን ሞላ አይደል? ምን አሉ?"

ልጅቷ አየችኝ።

"ተነሳ" አልኩ።

"ተነሳ?"

"ተነሳ አባቴ።"

"ተመስገን። እስቲ አንብብልኝ፣ ምን ብለው ጻፉ?"

ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ያለ ማስረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ቀዩን ጽሑፍ እያየሁ የሌለውን አነበብኩላቸው። "በወንዝ ዳር ላይ የተጣለው እገዳ ያለ አግባብ የተጣለ ነበር። ሰውዬው የታመነ ሠራተኛ ነው። ምልክቱ ከዛሬ ጀምሮ ተነስቷል።" ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ደስ አለኝና ሳላስበው ጨመርኩበት። "ከይቅርታ ጋር።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"ዘበኛው።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱ።

"ዘበኛው እንዲህ አይልም" አሉ። "እንዲህ የምንለው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"በይ ዝጊው ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ኮምፒውተሩ በከንቱ ይግላል።"