ያልተጠቀለለው ላውላው

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኖኤ የእናቷን ትልቁን ድስት ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዳ ምድጃው ላይ ጣደችው።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ የደጃፉ ደረጃ በነጠላ ጫማ ተሸፍኗል፤ በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ኡኩሌሌ የምትባል ትንሽ ጊታራቸውን እየነካኩ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። የሞሎካይ ደሴት ሰው ለቅሶ ቤት ባዶ እጁን አይሄድምና ጠረጴዛው የመጣውን ምግብ መሸከም አቅቶታል። አባቷ ካማካ ግን ሚስቱን ፑአናኒን እሑድ ከቀበረ ወዲህ እህል የሚባል ባፉ አልዞረም። ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ እስከ ማታ ካልበላ ዘመዶቹ ሆስፒታል ሊወስዱት ተነጋግረዋል።

«ላውላው ልሠራለት ነው» አለች ኖኤ።

የአባቷ ታላቅ እህት ሚሊያኒ ሩዝ ማጠቧን አቆመች። «አሁን? ሥጋውን በቅጠል ጠቅልለሽ፣ አስረሽ፣ በእንፋሎት አብስለሽ እስክታወጪው ለቀስተኛው ሁሉ ተኝቶ ይነሣል!»

«አልጠቀልልም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሥጋውን በትንንሹ ቆራርጬ እቀቅላለሁ፣ ቅጠሉን እላዩ ላይ እጨምራለሁ፣ አለቀ። ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደሆነ ልብሱን ማውለቁ አይቀር።»

«በጌታ! ራቁቱን የወጣ ላውላው! ፑአናኒ ብትሰማ ከመቃብሯ ተነሥታ ታለብሰው ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ሳሎኑ እንዳይሰማቸው አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

ኖኤ የአሳማውን ሥጋ ከጥቂት ጨዋማ ዓሣ ጋር ቀቀለችው። ሥጋው በሹካ ሲነካ የሚፈርስ ሲሆን የጎደሬ ቅጠሉን አጥባ፣ በጣጥሳ ጨመረችበት። ብዙም ሳትቆይ እሳቱን ልታጠፋ እጇን ሰደደች።

«አንቺ!» አክስቷ ክንዷን ያዘቻት። «የጎደሬ ቅጠል እኮ ነው! በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይከረክራል። ይህን የደሴቱ ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ፣ አክስቴ። ሥጋው በስሏል፤ ቅጠሉን ግን እማዬ እንደምታወጣው ነው የማወጣው።»

ሚሊያኒ ክንዷን ለቀቀቻት።

ፑአናኒ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ትዕግሥቷን ሁሉ መንገድ ላይ ጨርሳው ስለምትመጣ ለምድጃ የሚተርፍ አልነበራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ላውላው ትጥዳለች፤ ክዳኑን ደጋግማ ትከፍታለች፤ «ደርሷል፣ ደርሷል» እያለች ሳይደርስ ታወጣዋለች። ልጆቹ ሥጋ ሥጋውን ይለቅማሉ። ካማካ ግን ቅጠሉን ሳያስቀር ይበላና ጉሮሮውን እያሸ ውሃ ይጠይቃታል። እሷም አስቀድማ የቀዳችውን ብርጭቆ ከጀርባዋ አውጥታ፣ «ይኸው፣ አንተ የሕፃን ጉሮሮ!» ትለዋለች።

ኖኤ ልጅ ሳለች አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ አልበሰለም ብለህ ለምን አትነግራትም?» ብላው ነበር።

«ከነገርኳትማ ታበስለዋለች!» አለ ካማካ ዓይኑን ጠቅሶ። «ያን ጊዜ በምን ሰበብ ውሃ ልጠይቃት ነው?»

ኖኤ በጎድጓዳ ሳህን ጨልፋ፣ ሩዝ አክላበት፣ መስኮቱ አጠገብ ወደተቀመጠው አባቷ ወሰደችለት።

«አልራበኝም፣ ልጄ።»

«ራበህ አላልኩም። ላውላው ነው።»

ካማካ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። «ይሄ? መጠቅለያው የታለ?»

«ቸኩዬ ነዋ።»

«እንደ እናትሽ» አለ።

አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ቆየ። ሌላ ደገመ። በሳሎኑ የነበረው ሹክሹክታ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ሚሊያኒ የኩሽናውን በር ተደግፋ፣ የሩዙን ድስት እንደታቀፈች ታየዋለች። ኖኤ ወደ ኩሽና ተመልሳ ውሃ ቀዳች፤ ብርጭቆውን ከጀርባዋ ደብቃ ከአክስቷ ጎን ቆመች። የምትለውንም አዘጋጅታለች።

ካማካ ሳህኑን ባዶ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ፤ በመዳፉ አሸው። ከዚያም ከሳህኑ ቀና ሳይል እጁን ወደ ኩሽናው ዘረጋ።

«ፑአናኒ፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ።»

የኖኤ ብርጭቆ ከጀርባዋ አልወጣም። የካማካም እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።