ሰማያዊው በር

የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ከነጭ በር ሌላ አይፈቅድም። ባለቤቴ ኤልመር ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በራችንን ሰማያዊ ቀባው። በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ከሊቀ መንበሩ ከሚስተር ሉንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሩ እስከ ቅዳሜ ካልነጣ ራሱ እንደሚያስቀባው ይገልጻል። ስለ ሐዘኔ አንድ ቃል የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀለም ቀቢ ይዞ መጣ። በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ወይዘሮ ሃርመን፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ቀቡኝ» አልኩት።

የማዶዋ ጎረቤቴ ዳርሊን በሌሊት ልብሷ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! የሣሬን ቁመት በማስመሪያ ስትለካ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ የሟች እጅ ያረፈበትን ልትሸፍን? ትንሽ አታፍርም?»

«ደንቡ ላይ ፈርመሻል እኮ፣ ዳርሊን!»

«ፈርሜያለሁ! ቆይ፣ ደግሜ ልፈርምልህ!»

ከጋራዧ ቀይ ቀለም አውጥታ ነጭ በሯ ላይ ከዳር እስከ ዳር ለቀለቀችው። ከጎኗ ባለው ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ብቅ አሉና፣ «ልጄ፣ ለእኔም ይተርፍሻል?» አሏት።

ሚስተር ሉንድ በየትኛው በር እንደሚጀምር ጠፋው። ቀለም ቀቢው ቆርቆሮውን ከደነ።

«የተነጋገርነው ለአንድ በር ነው ጌታዬ» አለው።

መኪናቸው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ከበሩ ጀርባዬን አላነሳሁም።