የደከመች ጣቴና የጎረቤቴ ምላስ

እኔ እንኳን ሰው አላማም። ጎረቤቴ ግን፣ ያቺ ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ የሚላት፣ የልጅ ልጄን "ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ዛሬም ደብተር ተሸክማ" እያለች በየቤቱ ስታነሳት ስትጥላት ከረመች። የፈተናው ቀን ደረሰ። ልጅቷ ስለ ጡንቻ ድካም ያጠናችውን ለሦስት ፈታኞች በተግባር ማሳየት አለባት፤ ካልሆነላት የአራት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ።

በዚያው ጠዋት ጣቷን ልታውሳት የነበረችው ጓደኛዋ ታማ ቀረች። "ጣት አይደል የቸገረሽ? እኔ አሥር አሉኝ" አልኳት። ሬዲዮም "ብቻሽንማ አትሄጂም" ብላ ተከተለችን። አዝናልኝ መሰላችሁ? ወሬው እንዳያመልጣት ነው።

ፈታኞቹ ፊት የልጅ ልጄ አንድ እጄን ጠረጴዛ ላይ አሰረችና መሃል ጣቴ ላይ በገመድ ብረት አንጠለጠለች። ጣቴን ባጠፍኩ ቁጥር ብረቱ ይነሳል፣ ገመዱ ላይ የታሰረው እስክሪብቶ ወረቀት ላይ መስመር ይጭራል። አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። መስመሩ እያጠረ እያጠረ ሄደና ጣቴ እምቢ አለች።

"አሁን የአያቴን ሌላኛውን እጅ በረዶ ውስጥ እነክረዋለሁ" አለች ልጄ። "ስትደነግጥ ኩላሊቷ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ። እሱ በደም ሄዶ የደከመውን ነርቭና ጡንቻ ያነቃዋል።"

ነከረችኝ። ጣቴ ወይ ፍንክች! አርባ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ በቀዝቃዛ ውሃ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ በረዶ ምኔን ያስደነግጠዋል?

"እማማ፣ አይቀዘቅዝሽም?" አለችኝ ልጄ።

"ኧረ ደስ ይላል።"

የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ዋናው ፈታኝ "እማማ፣ ከደከመዎት ይብቃ" ብሎ ወረቀቱን ሊሰበስብ እጁን ዘረጋ።

ይሄኔ ሬዲዮ ከኋላዬ፣ ሹክሹክታ መስሏት፣ "ድሮስ የዚህ ቤት ሰው ከምላስ ሌላ ምን አለው?" አትል መሰላችሁ!

እኔን? ዕድሜዬን አንሶላ ስጨምቅ የኖርኩትን? ልቤ ድው ድው አለ፣ ጆሮዬ ጋለ። ጣቴ ብረቱን ብድግ! ደግሞ ብድግ! እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ደረሰ።

ልጄም አፍታ አልፈጀባት። "በረዶውን ለምዳዋለች፣ ስድቡን ግን አልለመደችውም" አለች። "ዕጢዎቹን ንዴትም ይቀሰቅሳቸዋል። ድካሙ ግን አልለቀቃትም፤ ትንሽ ቆይታ መልሳ ትዝላለች።"

እንዳለችውም ጣቴ ወዲያው ዝልፍልፍ አለች። የቀረበልኝን የሻይ ብርጭቆ እንኳ ማንሳት አቅቶኝ ልጄ ናት ያጠጣችኝ። ፈታኙ እየሳቀ ብድግ ብሎ ጨበጣትና "ዶክተር" አላት። ዶክተር! የአንሶላ አጣቢዋ የልጅ ልጅ!

ሬዲዮ አሁን በየቤቱ "ሆን ብዬ ነው የሰደብኳት፤ ዶክተሯን ያስመረቅኳት እኔ ነኝ" እያለች ነው። በሰማሁ ቁጥር ጣቴ ብድግ ትላለች። ግን ዝም ብያታለሁ። "ዶክተሯ" ያላለችበት ቤት የለማ! እኔ በዚህ ጉልበቴ ሰፈሩን ሁሉ መቼ አዳርሰው ነበር?