ድራፍት በጸሎት አዳራሽ

አቶ ቢረሳው በጄኔቫ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለዛቫንሼ በሚባለው የሕንፃ መንደር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ ጋር ይኖራሉ። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር፣ ወይዘሮ ዝናሽ የባላቸው ቤት መዋል ሲመርራቸው አንድ የሚጠመዱበት ነገር እንዲሰጣቸው አምላካቸውን ለመኑ። ጸሎታቸው ተሰማ፤ አቶ ቢረሳው የቅርጫት ኳስ ሊቅ ሆነው አረፉት። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዝናሽ ሲጸልዩ ቃል መርጠው ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ሶሊያና ናት። ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። እናቷ ሕብስት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ለብቻዋ አሳደገቻት። በአሥራ አራት ዓመቷ ትራም ስትሳፈር ጎንበስ ማለት ጀመረች፤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ወሰዳት። እዚያ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆጠረች አራት ዓመት ስትቆይ፣ እስከዚያ ድረስ ኳሱ የሚገባበት ቅርጫት ታቹ ቀዳዳ መሆኑን እንኳ ልብ ያላሉ የስዊዘርላንድ ሐበሾች በሙሉ ደጋፊ ሆኑ። «ሶሊያና የኛ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። አራት መቶ ሰው ገባበት።

በየሚያዝያው የአሜሪካ ትልልቅ የሴቶች ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ። ይህ ድራፍት ይባላል። በግሩፑ ያለው ወሬ እንግዲህ አንድ ብቻ ነበር፤ ሶሊያናን ማን ይወስዳታል? አቶ ቢረሳው በየቀኑ ከስድስት ደቂቃ ያላነሰ የድምፅ መልእክት እየላኩ ያብራራሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን መጫወታቸውን ሳይጠቅሱ ጀምረው አያውቁም። የቀረው እውቀት የሚመጣው ከአሜሪካ ድረ ገጾች ነው፤ የሚተረጉምላቸው ስልካቸው ነው። አንድ ጊዜ ስልኩ ከቅርጫት ተመልሶ የሚወጣውን ኳስ መያዝ «ማገገም» ብሎ ተረጎመው። እሳቸውም «ልጃችን በማገገም ከአገሩ ሦስተኛ ናት» ብለው አስተላለፉ። የዙሪክ እናቶች ልጅቷ በጠና ታማለች ብለው ሦስት ቀን ጾሙላት።

የአቶ ቢረሳው ትንበያ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሰባተኛ ተመርጣ ሚኔሶታ ትገባለች። ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ የሚኖረው የፖስታ ቤቱ ቸርነት ደግሞ «ሲያትል ካልሆነች ጺሜን እላጫለሁ» አለ። ጺሙ የሚላጭ ያህል ስላልነበር ማንም አልተገረመም። በሳምንቱ ቀናት ሊፍት የሚጠግነው፣ እሁድ እሁድ ሽዋመንዲንገን ያለችውን የጴንጤዎች ጉባኤ የሚመራው ፓስተር በእምነት ግን ከተማ አልጠራም። ራእይ አየሁ አለ፤ ትልቅ ውኃ። አቶ ቢረሳው ካርታ አውጥተው ቢቆጥሩ ከቡድኖቹ የሚበዙት ውቅያኖስ ወይ ሐይቅ ወይ ወንዝ ዳር ነበሩ። «እንዲህ ከሆነ እኔም ነቢይ ነኝ» አሉ ለሚስታቸው።

የዙሪክ ኦርቶዶክሶችና ጴንጤዎች በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ማን ይጸልይ በሚል ከተጣሉ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ተቀምጠው አያውቁም። አሁን ኳስ አስታረቃቸው። እሁድ ከሰዓት በፓስተር በእምነት አዳራሽ ተሰብስበው የአቶ ቢረሳውን ገለጻ ሊሰሙ ተስማሙና ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «ስለ ድራፍት ሰፊ ማብራሪያ። ሁላችሁም ተጋብዛችኋል።» የጉባኤው አሮጊቶች ድራፍት ሲባል የሚያውቁት አዲስ አበባ በብርጭቆ አረፋ እየደፈቀ የሚቀዳውን ቢራ ነው። በጸሎት ቤት ይህ እንዳይደረግ ፊርማ አሰባሰቡ። በሌላው ወገን የጴንጤ አዳራሽ ደጃፍ አንረግጥም ብለው የማሉ ሁለት ኦርቶዶክስ ሽማግሌዎች መሐላቸውን አንስተው እንደሚመጡ አሳወቁ። ነገሩ ሲብራራላቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ወገባችንን አመመን ብለው ቀሩ።

ሐሙስ ቀን አቶ ቢረሳው ሰፈራቸው ካለው ትልቁ የገበያ ማዕከል ገብተው ሽንኩርት እየመረጡ ሳሉ ስልካቸው ጠራ። ሶሊያና ነበረች፤ በቪዲዮ። ደውላላቸው አታውቅም። ቁጥራቸውን ከግሩፑ ነው ያገኘችው። ኮሌታቸውን አስተካክለው ሽንኩርቱን እንደያዙ ቆሙ።

«ጋሽ ቢረሳው፣ እሁድ ይናገራሉ አሉ» አለች። «ሚኔሶታ የለም። ሲያትልም የለም። ስሜን አላስገባሁም። ቀኑ አለፈ።»

አቶ ቢረሳው ጉልበቷን አሟት እንደሆነ ጠየቁ። ጉልበቷ ደህና ነው።

«ፈርቲግ ነኝ» አለች፤ በቃኝ ለማለት በዙሪክ ጀርመንኛዋ። «በአሥራ ሁለት ዓመቴ ረዘምኩ። ከዚያ በኋላ ምን ትወጃለሽ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ኳስ ሰጠኝ።»

የምትወደው ግን በረዶ ነበር። ተራራ ላይ ለሺህ ዓመታት ተጋግሮ የኖረውንና አሁን የሚቀልጠውን በረዶ ማጥናት ፈልጋ፣ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ አመልክታ ተቀብለዋታል። አቶ ቢረሳው የሚቀልጥ ነገር ለምን ይጠናል ቢሏት ሳቀች። ለእናቷ ሰኞ፣ የመጨረሻ ፈተናዋን ጨርሳ ትነግራታለች። እስከዚያ ለማንም እንዳይተነፍሱ ለመነቻቸው። ከሰው ሁሉ እሳቸውን ለምን እንደመረጠች ሲጠይቋት፣ ከሰው ሁሉ ብዙ የሚያወሩት እሳቸው ስለሆኑ ነው አለቻቸው። ሽንኩርቱን ሳይገዙ ቤታቸው ገቡ።

ዓርብ የድምፅ መልእክት አልላኩም። ቅዳሜም አልላኩም። ወይዘሮ ዝናሽ ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለም። ለአራት ዓመት ሙሉ ስለማያውቁት ነገር ሲያወሩ ኖረው፣ የሚያውቁት ቀን መናገር ተከለከሉ። ጉሮሮው ላይ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው ውኃ ብቻ ሲጠጡ ሰነበቱ።

እሁድ ባልና ሚስት በባቡር ዙሪክ ገቡ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ኦርቶዶክሶቹ በግራ፣ ጴንጤዎቹ በቀኝ። ሕብስት ከፊት ተቀምጣለች። ለድራፍቱ ዕለት ብላ በልጇ ቁመት ከአዲስ አበባ ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ አቅፋ መጥታለች። ልብስ ሰፊው ልኩን ሲሰማ ለሰው ነው ወይስ ለመጋረጃ ብሎ ሁለት ጊዜ ደውሎ እንደነበር እየሳቀች ለጎረቤቶቿ ታወራለች። አቶ ቢረሳው ቀሚሱን እንዳዩ ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ፓስተር በእምነት አጭር ጸሎት ብሎ ሩብ ሰዓት ጸለየ። ከዚያ አቶ ቢረሳው ተነሥተው የምርጫውን ደንብ እያንዛዙ ጊዜ መግዛት ጀመሩ። ቸርነት እጁን አወጣ። ደንቡን በሌላ ቀን እንሰማለን፣ ማን እንደሚወስዳት ይንገሩንና እንገላገል አለ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት አጎነበሰ። ሚኔሶታ ቢሉ ያቺ እናት ዛሬ ጨፍራ ነገ ልትወድቅ ነው። እውነቱን ቢናገሩ ልጅቷን መካድ ነው።

«አላውቅም» አሉ አቶ ቢረሳው።

ቸርነት ምን አሉ ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ።

«ከመጀመሪያውም አላውቅም ነበር። ለመሥሪያ ቤት ቡድን ተጫወትኩ ያልኳችሁ አንድ ቀን ነው፤ እሱንም አሠልጣኙ ስም ተሳስቶ ነው ያስገባኝ። ኳስ ሳልነካ ወጣሁ። የቀረውን ስልኬ ነው የነገረኝ።»

ቀድመው የሳቁት ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው። የሲያትል ወገን አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ እነዚያን ስድስት ስድስት ደቂቃዎች እያዳመጠ ስንት ባቡር እንዳመለጠው ተናገረ። አቶ ቢረሳው ጆሯቸው እስኪግል አፍረው፣ ውኃ ልጠጣ ብለው ወደ አዳራሹ ወጥ ቤት ገቡ። ሕብስት ተከትላቸው ገባችና በሩን ዘጋች።

«ልጄ ምን አለችዎት?»

«ምንም።»

«እርስዎ ‹አላውቅም› ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፣ ጋሽ ቢረሳው። ዛሬ ያሉት አንድ ነገር ስላወቁ ነው።»

አቶ ቢረሳው ማንቆርቆሪያውን አተኩረው አዩት። ማንቆርቆሪያው አልረዳቸውም።

«ደውዪላት» አሏት በመጨረሻ። «ግን ስለ ኳስ አትጠይቂያት። ምን እንደምትወድ ጠይቂያት።»

ሕብስት በጓሮ በር ወደ ደረጃው ወጣች። እሳቸው በሩ ላይ ትሪ ይዘው ቆሙና፣ ለማለፍ የመጣውን ሁሉ ደረጃው እየተወለወለ ነው እያሉ መለሱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች።

«በረዶ» አለች። «እኔ በዚህ አገር ሃያ ሦስት ዓመት ካልሲ ደርቤ ነው የኖርኩት። እሷ በረዶ ልትማር ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እሱስ ይሁን። ከእኔ በፊት ለእርስዎ መንገሯ ነው ያቃጠለኝ።»

«እኔን ማሳዘን ምኗም አይደለ» አሉ አቶ ቢረሳው። «የምትፈራው አንቺን ማሳዘን ነው።»

ሕብስት ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገብታ፣ ቀሚሱን እንዳቀፈች ለሁሉም በራሷ አፍ ነገረቻቸው። ልጄ ኳስ በቃኝ ብላለች፣ ሰኔ ላይ ትመጣለች፣ እኔም ደስ ብሎኛል አለች። ደስ ያላት ግማሽ ያህሉን ነበር፤ ቢሆንም አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የተናገረችው። ቸርነት በረዶ ሊግ እንዳለው ጠየቀ። ያን ጊዜ ፓስተር በእምነት ብድግ አለና፣ በረዶ ማለት የቆመ ውኃ አይደለም ወይ ሲል ጉባኤውን ጠየቀ። ጴንጤዎቹ አሜን አሉ። ኦርቶዶክሶቹ ደግሞ አሜን ላለማለት ወደተዘጋጀው ምግብ ሄዱ፤ ወንበሩ ተነሥቶ ስለነበር ግራና ቀኙ እዚያ ተደባለቀ።

ነሐሴ ላይ ሶሊያና ወደ ተራራው ለልኬት ስትወጣ አቶ ቢረሳውን አብረዋት እንዲሄዱ ጋበዘቻቸው። ጉልበታቸው እስከ ኬብል መኪናው ጣቢያ ድረስ ብቻ ፈቀደላቸው። እሷ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ረጃጅም የብረት ዘንጎች ተሸክማ ወደ ላይ ወጣች። እሳቸው ጣቢያው ምግብ ቤት የተጠበሰ ድንች በልተው አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቋት። ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነበር። በባቡሩ ውስጥ፣ ባለፈው ዓመት የተተከለው ዘንግ ምን ያህል በረዶ ቀልጦ እንደተጋለጠ፣ ከሥር የሚፈሰው ውኃ ሌሊት ሌሊት ድምፁን እንዴት እንደሚቀንስ አወራችላቸው። እሳቸው ግማሹ አልገባቸውም፤ ያልገባቸውን እየጠየቁ አዳመጡ። መንገዱ ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰዳትና ያ ረጅም እግሯ መተላለፊያው ላይ ተዘረጋ። ቲኬት የሚያየው ሰውዬ መጥቶ እንድትሰበስበው ሊቀሰቅሳት ሲል፣ አቶ ቢረሳው ልጅቷ ደክሟት ነውና ይተዋት ብለው በፈረንሳይኛ ለመኑት። ሰውዬው ጀርመንኛ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቢሆንም አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየና ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ እግሯን ተሻግሮ አለፈ።