የሀጂራ ወለል

ኑሪያ ከእህል ጉድጓዱ ግርጌ ቁጢጥ ብላ ቴርሞሜትሩን ወደ ብርሃን አዘነበለችው። አሥራ አራት። ትናንት ጧትም አሥራ አራት ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ማታም። ላይ የነፋስ መውጫ ከተማ ብርድ እንዳሻው ሲወጣና ሲወርድ፣ እዚህ አራት ክንድ ዝቅ ብሎ ምድር ከአሥራ አራት ንቅንቅ አላለችም።

«እንዴት አደረች? ትኩሳቱ ለቀቃት?» የሚል ድምፅ ከጉድጓዱ አፍ መጣ።

ጋሽ ሙላው ነበሩ፤ የጉድጓዱ ባለቤት። በበጋ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ግንብ ይገነባሉ፤ ዝናብ ሲጥል ገብሳቸውን ይዘራሉ። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ሦስት ወር አልፎታል። ቢሆንም እሷ ከመግባቷ በፊት ሁልጊዜ የታፈነ አየር እንዳይገድላት በገመድ ችቦ ያወርዱና እሳቱ አለመጥፋቱን ያያሉ።

«እንደ ትናንቱ ናት፣ ጋሽ ሙላው።»

«ታዲያ የማይሻላትን በሽተኛ ስንት ቀን ትጠይቂያታለሽ? ነይ ውጪ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ቅዳሜ እየደረሰ ነው።»

ቅዳሜ ሲባል ኑሪያ ቴርሞሜትሩን ኪሷ ከትታ ወጣች።

እናቷ ሀጂራ ዕድሜዋን ሙሉ ክረምት ክረምቱን ያሳለፈችው ቆጥ ላይ ተኝታ ነው። ከቆጡ ስር በቅሎ ይታሰር ነበር፤ የበቅሎዋ ገላና ትንፋሽ በእንጨቱ መሃል እየሾለከ የሀጂራን ጎን ሲያሞቅ ያድራል። ዘንድሮ ግን ሁለት ነገር ተደራረበ። የሀጂራ ጉልበት መሰላል መውጣት እምቢ አለ፤ ቀበሌው ደግሞ በጽዳት ዘመቻው ከብት ከመኖሪያ ቤት ይውጣ ብሎ ወሰነ። በቅሎዋ ወደ ጋሽ ሙላው ግቢ ሄደች። ሀጂራም በቅሎዋ ትቆምበት ወደነበረው ወደ ታች ወረደች። ኑሪያ ቦታው ለስግደት እንዲነጻ አንድ ስንዝር አፈር ፍቃ አውጥታ ንጹሕ አፈር አልብሳዋለች። ብርዱን ግን ልትፍቀው አልቻለችም። እናቷ ከሱጁድ ስትነሣ ግድግዳውን በሁለት እጇ ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች፤ ኑሪያ እያየች እንዳላየች ትሆናለች።

ነጋዴው ወንድሟ ሳሊም ቅዳሜ ከወረታ በጭነት መኪናው ይመጣል። «እናታችን ክረምቱን ቆላ ከእኔ ጋር ትከርማለች» ብሎ ጽፏል። ያልጻፈውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሦስት ወር የተዘጋ ቤት ቀበሌው ይረከበዋል። በዚያ መንገድ የሄደ ቤት ሲመለስ ደግሞ ማንም አላየም። እንግዲህ ሀጂራ በዚህ ወለል ላይ መክረም ካልቻለች ቤቷን ታጣለች ማለት ነው።

ኑሪያ ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ ስዊድናዊ መምህር ነበራት። የሀገሩ ሰው ጓሮው ውስጥ ረጅም ቱቦ ቀብሮ፣ በቱቦው የሚዞረው ውሃ የምድርን ደካማ ሙቀት እየለቀመ፣ የሙቀት ፓምፕ የሚባል ማሽን ጨምቆ እያጠነከረው ከወለል ስር እንደሚያዘዋውረው አስተምሯቸዋል። እሷ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ጠይቃ አታውቅም። ተመርቃ ከተመለሰች በኋላ ግን ደብዳቤ ጻፈችለት፤ እሱም ሥዕል ያለበት ሦስት ገጽ መለሰላት። ሦስት መቶ ሜትር ቱቦ። ሌትና ቀን የማይቋረጥ መብራት። ነፋስ መውጫ መብራት የምታየው ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ እሱም ናፍጣ ሲገኝ። እንደማይሆን ካወቀች ሳምንት አልፏታል። ጉድጓድ መግባቱን ግን መተው አልቻለችም። ሙቀቱ እዚያው ከእግሯ ስር ነው፤ የሚያነሣው ጠፋ እንጂ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳት።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሀጂራ ቤት ተቀምጠው መከሩ። ሳሊም አስቀድሞ የላከው የከሰል ምድጃ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ይኸ አለ አይደል እንዴ፣ እትዬ ሀጂራ?» አሉ ጋሽ ሙላው።

«በሩን ዘግቼ ባነደው ለእኔ ከፈን ማምጣት ነው። ከፍቼ ባነደው ጋይንትን በሙሉ ማሞቄ ነው። የትኛውን ልምረጥ?»

ጋሽ ሙላው ትንሽ ሳቁ። ከዚያ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ እኮ ወለሉ ራሱ ይሞቅ ነበር።»

«የት?» አለች ኑሪያ።

«ኮሪያ።»

ከቃኘው ሻለቃ ጋር መዝመታቸውን ከተማው ያውቃል። ከአብዮቱ ወዲህ ግን እሳቸውም አያወሩት፣ ሰውም አይጠይቃቸው።

«በረዶው እስከ ጉልበት ነው። አንዲት ባልቴት ቤት አሳደሩን። ወጥ የምትሠራበት ምድጃ ጭሱ ከወለሉ ስር ይሄድና በወዲያኛው ግድግዳ ይወጣል። ጧት ማን ይነሣ? የመቶ አለቃችን በእርግጫ ነው ያስነሣን።»

«የጭሱ ቦይ ስፋቱ ምን ያህል ነው? ጥልቀቱስ?» ኑሪያ ደብተሯን አወጣች።

«እኔ ምን አውቄ! ተኝቼበት ነው እንጂ ሠርቼው ነው?»

ኑሪያ መምህሯ የላከላትን ሥዕል አየችው፤ አጠፈችውና ደብተሯ ውስጥ መለሰችው። የምድርን ሙቀት ማንሣት ካልቻለች፣ የእናቷን ምድጃ ሙቀት ወደ ምድር ታወርደዋለች። «ነገ እንጀምር» አለች። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ድፍረት ሆኖ ተሰማት።

ቦይ ለመቆፈር ብዙ አልደከሙም። የበቅሎዋ ሽንት ይወርድበት የነበረው አሮጌ መውረጃ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ተነሥቶ በክፍሉ መሃል ወደ ጓሮ ይሄዳል። እሱን አሰፉት፣ ጎንና ጎኑን በድንጋይ ገነቡት። ምድጃው በወጥ ቤቱ ጫፍ፣ የቆርቆሮው ጭስ ማውጫ በጓሮው ጫፍ እንዲሆን ተስማሙ። ላዩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሊከድኑት ሲሉ፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ይግዛው መጣ።

ይግዛው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ከኑሪያ ጋር እስከ ስድስተኛ ክፍል በአንድ ወንበር ተምረዋል። አሁን ጠመንጃ አንግቷል፤ ሁለት ጥበቃዎች ይከተሉታል።

«ነጋዴ ቤት ጉድጓድ ይቆፈራል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ። «የምትደብቁት ስኳር ነው ወይስ ጨው?»

«ወለል ነው።»

«ምን?»

«ወለል። ይሞቃል።»

«ብርድ ብርድ ካለው ጋቢ አልብሱታ!» አለ አንደኛው ጥበቃ። ሌላው ሳቀ። ይግዛው አልሳቀም።

«ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ያስተማረሽ?»

ደብተሯ በብብቷ ስር ነበር፤ ደብዳቤው በውስጡ፣ የፈረንጅ ጽሕፈት፣ የፈረንጅ ቴምብር። ብብቷን ጠበቅ አደረገች።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሙላው፣ ከቦዩ ውስጥ ቀና ብለው። «ኮሪያ ዘምቼ ያየሁትን ነው።»

ሁለቱ ጥበቃዎች ወደ ይግዛው ዞሩ።

«በየትኛው ወገን?» አለ ይግዛው።

«በላኩኝ ወገን ነዋ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የትኛው ይሻልሃል ብሎ የጠየቀኝ የለም። ብርድ ነበር፤ ወለሉ ይሞቅ ነበር። የማውቀው ይኸንኑ ነው። መጻፍ ካለብህ ጻፈው።»

ይግዛው አልጻፈም። ወደ ቦዩ ሊራመድ እግሩን ሲያነሣ ሀጂራ «ጫማህን!» አለችው። ቆመ። ጥበቃዎቹን በጎን አየ፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። በባዶ እግሩ ገብቶ ተንበረከከና ቦዩ ውስጥ እጁን እስከ ብብቱ ሰደደ። ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ቅዳሜ ተመልሼ አያለሁ። ሰው የሚኖርበት ከሆነ ይኖርበታል፤ የሚዘጋ ከሆነ ግን ... እኔ አይደለሁም እማማ፣ ደንቡ ነው።»

«ደንቡም ሲገባ ጫማውን ያውልቅ» አለች ሀጂራ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ተከድኖ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተለስኖ አለቀ። ሀጂራ «ቢስሚላህ» ብላ እሳቱን ለኮሰችው። ጭሱ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ጥቂት ቆየ፤ ያሰበበት ይመስል ተመልሶ በገባበት ወጣ። ደጋግመው አነደዱ። ደጋግሞ መጣባቸው። ሦስቱም እያለቀሱና እየሳሉ ደጅ ወጡ።

«የኮሪያውን ወለል ላዩን እንጂ ሆዱን አላየሁት» አሉ ጋሽ ሙላው፤ ዓይናቸውን የሚያብሱት ለጭሱ ብቻ አይመስልም ነበር። «አርባ ቦይ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያዋረደኝ የለም።»

ኑሪያ ከወጥ ቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ወጥ ቤት ተመላለሰች። ሳሊም ነገ ነው። በንዴት አንድ ጣሳ ውሃ አንስታ እሳቱ ላይ ቸለሰችው። እንደገና ጓሮ ስትደርስ ውሃው ቀድሟት በቆርቆሮው ስር አመድ እየገፋ ሲወጣ አገኘችው።

ቆማ አየችው።

«ጋሽ ሙላው! የሠሯቸው አርባ ቦዮች የምን ነበሩ?»

«የምን ይሆናሉ? የጎርፍ፣ የጋጣ፣ የ...» ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ውሃውን አዩ። «አይ እመብርሃን! ቁልቁል ነው የሠራሁት። ለውሃ ነው የሠራሁት!»

ጭስ ደግሞ ሽቅብ መሄድ ነው የሚወደው። እንደ አዲስ መቆፈሪያ ጊዜ የለም፤ መቆፈርም አላስፈለገም። እሳቱን ከዝቅተኛው ጫፍ፣ ከጓሮ አደረጉት፤ ቆርቆሮውን ነቅለው ወጥ ቤት ምድጃው በነበረበት ተከሉትና በጣሪያው አሳለፉት። ሊመሽ ሲል ጓሮ ሲነድ ጭሱ በጣሪያው ላይ ብቅ አለ። ጋሽ ሙላው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኑሪያ ግን ደስ ሊላት አልቻለም፤ እርጥቡ ጭቃ ይተናል እንጂ አይሞቅም። እየሄደች መዳፏን ታሳርፋለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትሄዳለች።

ሲነጋጋ እናቷ ስትሰግድ ከበሩ ጀርባ ሆና አየቻት። ሀጂራ ግንባሯን ወለሉ ላይ አኑራ ከወትሮው ቆየች። ስትነሣ ግድግዳውን ያዘች፤ በአንድ እጇ ብቻ።

ሳሊም ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ኤንትሬ የጭነት መኪናውን በር ላይ አቆመ፤ የእናቱን እጅ ሳመ፤ ወለሉን ዳበሰ፤ ተገረመ። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ እሳቱን አየና ኑሪያ ከትናንት ጀምራ የሸሸችውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ማን ነው የሚያነደው? አንቺ ሰኞ ለሥራ ወደተመደብሽበት ወደ ወገዳ ትሄጃለሽ። እሷ በዚህ ጉልበት፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ደጅ እየወጣች እሳት ልትቆሰቁስ? ለዚህ ነው የለፋሽው?»

ኑሪያ ከእሳቱ የወጣውን እንጨት በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋች። የጋሽ ሙላው ዓይን መሬት መሬት ያያል።

ሀጂራ ከቤት ወጣች። በአንድ እጇ ድስት፣ በአንድ እጇ በርጩማ ይዛለች። በርጩማውን ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠች፤ ድስቱን ጣደች፤ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው እማ?» አለ ሳሊም።

«ምሳህን እየሠራሁ። በቀን ሁለቴ ምድጃ ፊት መቀመጤ እንደሆነ አይቀር። እሳቱ ወደዚህ ከመጣ ወጥ ቤቴም ይምጣ።»

«ዝናቡስ?»

«እኔን በምን ሸፍነህ ልትወስደኝ ነበር?»

«በሸራ ... የመኪናው ሸራ አለ።»

«አምጣዋ! ምን ቆመሃል?»

ሳሊም እህቱን አየ፤ እህቱ ጋሽ ሙላውን። ጋሽ ሙላው ቀድመው ምሰሶ ፍለጋ ሄደዋል። ሸራው ከኤንትሬው ወርዶ ከግድግዳው ሲታሰር ይግዛው መጣ። ጣሪያው ላይ የሚጨሰውን ቆርቆሮ፣ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠችውን ሴትዮ ተራ በተራ አየ።

«አይሄዱም ማለት ነው?»

«ያንን ምሰሶ ያዝልኝ፣ ወደዚህ ተጋደመ» አለችው ሀጂራ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ምሰሶውን ያዘ።

ኑሪያ ወደ ቤት ገብታ መዳፏን ወለሉ ላይ አኖረች። ይሞቃል። ወጥታ ጭሱን አየች። ነፋሱ ከጉና ተራራ በኩል ነው፤ ቢዞርስ? እንጨቱ ቢረጥብስ? እንደገና ልትገባ ስትል እናቷ ማማሰያውን ይዛ ጠራቻት።

«ኧረ ተቀመጪ፣ አንቺ ልጅ! ሲያጨስ አጠፋዋለሁ፤ ሲበርደኝ አነደዋለሁ። እሱንም ከዩኒቨርሲቲ ልማር?»

ኑሪያ ከእናቷ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ደረቅ እንጨት የሚቀመጥበትን ጥግ በዓይኗ መለካት ጀመረች።